የለመደ እጅ

ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ሁለት ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። አንዱ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ሌላው ከድልድዩ ማዶ። ዳቦ ቤቱ ጋ ያለው ዊኒንግ ኢለቨን ብቻ ነው የሚያጫውተው። ድልድዩ ጋ ያለው ፊፋ። ሁለቱም የእግር ኳስ ጌም ናቸው። አንድ ጨዋታ አንድ ብር። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል።

እኔ የዳቦ ቤቱ ልጅ ነበርኩ። ዊኒንግ ኢለቨን ላይ ጎል የሚመታው በካሬዋ ቁልፍ ነው። አንድ ቅዳሜ የእኛ በኩል ቴሌቪዥን ተበላሸና ድልድዩን ተሻገርኩ። ፊፋ ላይ ሹት ክቧ ናት። ካሬዋ ኳስ ታሻማለች። ልጆቹ ቀድመው ነግረውኛል። «ሹት ክቧ ናት፣ እንዳትረሳ» አሉኝ። ሰማሁ። ገባኝ። ከዚያ ተከላካዮቹን አልፌ ከበረኛው ጋር አንድ ለአንድ ተገናኘሁ። አውራ ጣቴ ሄዶ ካሬዋን ተጫናት። ኳሷ ከፍ ብላ ማንም ወደሌለበት ጥግ ሄደች። በቀጣዩ ጨዋታም እንደዚያው። ሦስተኛ ብሬን ከፍዬ ስቀመጥ በሆዴ «ክብ፣ ክብ፣ ክብ» እያልኩ ነበር። በረኛው ፊት ስደርስ እጄ አሁንም ካሬዋን አስታወሰ።

ጭንቅላት የሚያውቀውና እጅ የሚያውቀው የተለያየ መሆኑን የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ንዴቱ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ፣ እያወቅኩ ነው የተሸነፍኩት።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንድ ጆይስቲክ መጻፍ ስለፈለግኩ ነው። አዎ፣ ጆይስቲክ እለዋለሁ፤ እኛ ሰፈር ስሙ ያ ነበር። ይኼኛው ስቲም ኮንትሮለር ይባላል። የሠራው ቫልቭ ነው። ሃፍ ላይፍንና ዶታ 2ን የሠራው፣ ስቲም የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም መሸጫ የሚያስተዳድረው ድርጅት። መሥሪያ ቤቱ ቤልቪው ነው፤ እኔ ከምኖርበት ከሲያትል ሐይቁን ተሻግሮ። ጌመሮችን እንደዚህ ለሁለት የከፈለ ዕቃ ብዙ አላየሁም። እኔም ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ ውስጥ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በሴፕቴምበር 2013 ቫልቭ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ነገር አስታወቀ። በ23 ለሳሎን ቴሌቪዥን የሚሆን ሲስተም፣ በ25 እሱን የሚጭኑ ኮምፒውተሮች፣ በ27 ደግሞ ጆይስቲኩን። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። የኮምፒውተር ጌም የተሠራው ጠረጴዛ ላይ፣ በማውስና በኪቦርድ ለሚጫወት ሰው ነው። ያንን ወደ ሶፋ እናምጣው አሉ። ችግሩ ማውስ ሶፋ ላይ አይሆንም። የተለመደው ጆይስቲክ ደግሞ የማውስን ሥራ አይሠራም።

ለምን አይሠራም? አናሎጉን፣ በአውራ ጣት የምትገፋዋን ያቺን ትንሽ ዱላ፣ ወደ ቀኝ ስትገፋው ለጨዋታው የምትነግረው «ወደ ቀኝ መዞር ቀጥል» ነው። እስክትለቀው ይዞራል። ማውስ ግን «እዚህ ድረስ» ነው የሚለው። እጅህ አምስት ሴንቲ ከሄደ ቀስቷም የዚያን ያህል ትሄድና ትቆማለች። አንዱ ፍጥነት ይናገራል፣ አንዱ ቦታ ይናገራል። በአናሎግ አንዲት ትንሽ ነጥብ ላይ ማነጣጠር ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ የጆይስቲክ ጌሞች በድብቅ የሚያግዙህም ለዚህ ነው። ጠላት አጠገብ ስትደርስ ቀስቷን ቀስ ያደርጉልሃል፣ ጎተት ያደርጉልሃል።

ቫልቭ አናሎጎቹን አነሳና በምትካቸው ሁለት ትልልቅ ክብ ትራክፓድ አስቀመጠ። ላፕቶፕ ላይ ያለው ዓይነት ማለት ነው፤ ግን ክብ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ ለአውራ ጣት የተሠራ። የመጀመሪያው ፎቶ ሲወጣ ሁለቱ ክቦች እንደ ዓይን ያፈጡ ነበር። ጉጉት ይመስላል ያሉ ብዙ ናቸው። መሐሉ ላይ ስክሪን ነበረው። ኤ፣ ቢ፣ ኤክስ፣ ዋይ የሚባሉት ቁልፎች ከለመዱበት ከቀኝ እጅ ጎን ተነስተው በስክሪኑ ግራና ቀኝ ተበትነዋል።

ጩኸቱ ያኔውኑ ተጀመረ። ማንም ሳይነካው። አንዱ «የሃያ ዓመት ልምድህን ጣል ነው የሚሉኝ?» ይላል። ሌላው «በመጨረሻ ማውስን የሚተካ መጣ!» ይላል። ሁለቱም ያዩት ፎቶ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት መጨረሻ ቫልቭ ሙከራውን ለ300 ሰዎች ላከ። ከዚያ በኋላ ዕቃው እየተለወጠ ሄደ። ስክሪኑ ወጣ። አራቱ ቁልፎች ተሰብስበው ወደ ቀኝ ተመለሱ። በግራ በኩል አንድ አናሎግ ተጨመረ። ሽያጭ የወጣው ኖቬምበር 10 ቀን 2015 ነው፤ ዋጋው 49.99 ዶላር።

እኔ የገዛሁት በዚያው ወር ነው። ምክንያቴ ጉጉት አልነበረም፤ የቀኝ እጄ አንጓ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማታ ቤት ገብቼም ሲቪላይዜሽን የሚባል ጌም እጫወት ነበር። ያኔም ማውስ። በዚያ ዓመት በጋ ላይ አንጓዬ መጠዝጠዝ ጀመረ። መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ቀጥሎ ጠዋት ስነሳ፣ በኋላ ስኒ ሳነሳ። ሐኪሟ ማውስ ቀንስ አለችኝ። ሥራ ላይ መቀነስ አይቻልም። የቀረው የማታው ነው። እሱን መተው ደግሞ ከበደኝ። ሲያትል ኖቬምበር ላይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨልማል። ዝናቡ አያቆምም። ያቺ የማታ አንድ ሰዓት ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረችም።

ካርቶኑን ስከፍት መጀመሪያ የገረመኝ የባትሪ ድንጋይ መውሰዱ ነው። ሁለት ትንንሽ ድንጋይ፣ አንዱ በግራ እጀታ፣ አንዱ በቀኝ። ከኋላ ያለው ክዳን ራሱ ቁልፍ ነው። በቀለበት ጣትና በመሐል ጣት ጨመቅ ስታደርገው ቀጭ ይላል። ከላይ ያሉት ቃታዎች ሁለት ደረጃ አላቸው። እንደማንኛውም ቃታ እየተሳቡ ይሄዱና መጨረሻ ላይ ሌላ ጠቅታ አለ። ስትስብ ማነጣጠር፣ ጠቅ ሲል መተኮስ ማድረግ ትችላለህ።

ዋናው ግን ፓዱ ነው። ቀኝ አውራ ጣቴን አስቀምጬ ገፋ ሳደርገው ከሥሩ የሆነ ነገር ሲንከባለል ተሰማኝ። ምንም የሚንከባለል ነገር የለም። ፕላስቲኩ አልተነቃነቀም። ከሥሩ ያለች ነዛሪ ናት በጣም አጫጭር ንዝረት እየላከች ጣቴን የምታሳምነው። አያቴ መቁጠሪያዋን ስትቆጥር ፍሬዎቹ በጣቷ ሥር አንድ በአንድ ሲያልፉ የምትሰማው ዓይነት ነው። በፍጥነት ገፍተህ ከለቀቅከው ቀስቷ እንደ ኳስ ትሽከረከራለች። ታክ ታክ ታክ ታክ እያለች፣ እየቀዘቀዘች ሄዳ ትቆማለች። የመጀመሪያውን ምሽት ግማሹን ጌም ሳልከፍት እሱን ብቻ ስነካካ ነው ያሳለፍኩት። በኋላ ይህንኑ ነዛሪ ዘፈን እንዲጫወት የሚያደርግ ፕሮግራም የጻፉ ሰዎች መጡ። በእርግጥም ይዘፍናል፤ ቀጭን፣ የሚነዝር ድምፅ አለው።

ሲቪላይዜሽን ላይ በሦስት ቀን ለመድኩት። ተራህን ጠብቀህ የምትጫወተው ጌም ነው፤ የሚያስቸኩልህ የለም። ሶፋው ላይ ተደግፌ፣ ሁለት እጄ ጭኔ ላይ፣ አንጓዬ ቀጥ ብሎ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት ስነሳ ሕመሙ እንደቀነሰ አስተዋልኩ። ስለ ጆይስቲክ እንደዚህ በስሜት መጻፌ የሚገርመው ሰው ካለ ምክንያቴ ይኸው ነው።

የተኩስ ጌም ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ በጣም ተቸገርኩ። ቀስቷ ወይ ታልፋለች ወይ ትቀራለች። የቀየረው ነገር ጋይሮው ነው። ጆይስቲኩ ውስጥ ማዘንበሉን የሚያውቅ ሴንሰር አለ። አንድ ሰው ያዘጋጀውን ሴቲንግ አውርጄ ሞከርኩ፤ አውራ ጣትህ ፓዱን ስትነካ ብቻ ጋይሮው ይበራል። ትልቁን ዙር በጣት፣ የመጨረሻዋን ሚሊሜትር በእጅ። ከጀበና ቡና ስትቀዳ ስኒው ሊሞላ ሲል እጅህ የምታደርጋት ያቺ ትንሽ ማዘንበል አለች አይደል? እሷን ነው የሚጠቀመው። ለዚያች እንቅስቃሴ ሥልጠና አያስፈልግም። ዕድሜ ልካችንን ስናደርጋት ነው የኖርነው። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ በአናሎግ ከማነጣጥረው በጣም የተሻልኩ ሆንኩ።

ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የመጣው በማግስቱ ዓመት ነው። እጁ የፕሌይስቴሽን እጅ ነው። ሰፈራችን ያደጉ ልጆች ሁሉ እንደዚያው። በመጣ በሳምንቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይኼንን ዕቃ አነሳ። ገለበጠው። ፓዱን በአውራ ጣቱ እንደ አናሎግ ወደ ላይ ገፍቶ ያዘው። ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ትንሽ ወደ ላይ አየና ቆመ። እንደገና ገፋ። ሰማይ አየ።

«ተበላሽቷል እንዴ?»

«አልተበላሸም። አትያዘው፣ ጥረገው።»

ጠረገው። ሰውዬው ዙሪያውን ዞረ። ሃያ ደቂቃ ያህል ታገለ። ጥርሱን ነክሶ ነው የታገለው፣ ለክፋት አልነበረም። ከዚያ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጆይስቲክ አይደለም። ሥራ ነው።»

ያኔ ተናድጄበት ነበር። የድልድዩ ጋ ፊፋ ትዝ ያለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ወንድሜ ያን ዕለት የገጠመው እኔን ያን ቅዳሜ የገጠመኝ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጥጣ ይባላል። ተረቱ ለወቀሳ ነው የሚነገረው። እጅን ግን በልማዱ መውቀስ አይቻልም። ልማዱ እኮ ነው ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው። ሳታስብ ስትጫወት ነው የምትዝናናው።

ደግሞ ዛሬ «የለመድነው» የምንለው ነገር አንድ ቀን አዲስና አስቀያሚ ነበር። በ2000 ኤልየን ሪዘሬክሽን የሚባል የፕሌይስቴሽን ጌም ወጣ። በግራ አናሎግ ትራመዳለህ፣ በቀኙ ታያለህ፣ ትዞራለህ። አንድ የታወቀ የአሜሪካ የጌም ድረ ገጽ ሲገመግመው ከጌሙ ሁሉ የሚያስፈራው ይህ አነዳዱ ነው ብሎ ተቸው። ዛሬ ይህን የማያደርግ የተኩስ ጌም አለ? ወንድሜ «ትክክለኛው» የሚለው፣ እጁ ያደገበት፣ ያ የተተቸው አያያዝ ነው። ይህን ስነግረው አላመነኝም፤ ግምገማውን ከፍቼ አሳየሁት።

ኒንቴንዶም እንዲሁ። የድርጅቱ ፕሬዚዳንት የነበረው ሳቶሩ ኢዋታ በሴፕቴምበር 2005 በቶኪዮ ጌም ሾው መድረክ ወጥቶ የቴሌቪዥን ሪሞት የሚመስል ነገር አሳየ። ብዙ ጌመር ደነገጠ። ሪሞቱን ይዞ የመጣው ጌም ማጫወቻ ዊ በ2006 መጨረሻ ሲወጣ ሰዎች በስሜት ሲወዛወዙ ሪሞቱ ከእጃቸው እያመለጠ ዕቃ ሰበረ። ኒንቴንዶ በዚያው ዲሴምበር 3.2 ሚሊዮን ያህል የእጅ ማሰሪያ በወፍራም እንደሚቀይር አስታወቀ። ያም ሆኖ ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ግን ዊን እንደ ማስረጃ የሚያቀርቡ የእኔ ወገን ሰዎች አንድ ነገር ይዘሉታል። ሪሞቱ ቴኒስ ሲያጫውትህ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ያስቅሃል። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው አንስቶ ይመታል። ስቲም ኮንትሮለር በመጀመሪያው ደቂቃ የሚሰጥህ ሰማይ ማየት ነው። ትዕግሥት ያለው ብቻ ነው ሦስተኛው ሳምንት የሚደርስለት።

የጠሉት ሰዎች ያነሷቸው ነጥቦች ብዙዎቹ እውነት ናቸው። ዕቃውን ከዓመት ዓመት የያዝኩት እኔም የማልክደው። አራቱ ቁልፎች ትንንሽና ወደ ታች የወረዱ ናቸው፤ ከፓዱ ወደ እነሱ ለመሄድ አውራ ጣት መታጠፍ አለበት። የግራው ፓድ መስቀል ተቀርጾበት አቅጣጫ ቁልፍ ነው ተባለ። አይደለም። የቡጢ ጌም የሚጫወት ሰው በሱ ላይ ኮምቦ፣ ማለትም ተከታታይ ምት፣ መሥራት አይችልም። ቀኝ አናሎግ የለም፤ ለሁለት አናሎግ የተሠራ ጌም ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም።

ከሁሉ የባሰው ሴቲንጉ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ፓድ፣ ጋይሮው፣ ንዝረቱ ሳይቀር ይስተካከላል። ያንን በየጌሙ። አዲስ ጌም ስትከፍት ሌሎች ተጫዋቾች ያዘጋጁትን ዝርዝር ታያለህ፤ አንዱን መርጠህ ትሞክራለህ፣ አይሆንም፣ ሌላ ትሞክራለህ። ፓዱን እንደ ማውስ፣ ቀሪውን እንደ ጆይስቲክ ካደረግከው ደግሞ አንዳንድ ጌም ግራ ይጋባል። ስክሪኑ ላይ «ኤ ተጫን» የሚለው ጽሑፍ ጣትህ ፓዱን ሲነካ የኪቦርድ ቁልፍ ይሆናል፣ ስትለቅ ይመለሳል፣ እንደ ተበላሸ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ከሥራ ደክሞት ገብቶ አንድ ሰዓት መጫወት የሚፈልግ ሰው አርባ ደቂቃውን በዚህ ከጨረሰ ወንድሜ ያለው ልክ ነው። ሥራ ነው። ዲዛይነሩ መጨረስ የነበረበትን ሥራ ለተጫዋቹ አሳልፎ ሰጥቷል።

እኔ ያን ሥራ ወደድኩት። ለእጄ የሚስማማውን ሳገኝ የተሰማኝ ደስታ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ በልክ ከማሰፋት ጋር ይመሳሰላል። ግን ሁሉም ሰው ልብስ ማሰፋት አይፈልግም። ከሱቅ ገዝቶ ለብሶ መውጣት የሚፈልገው ስንፍና የለበትም።

እኔ ክርክሩ ለምን እንደከረረ ሳስብ አንድ ነገር ላይ ነው የምቆመው። በ2018 ማይክሮሶፍት አካል ጉዳት ላለባቸው ተጫዋቾች ኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር አወጣ። ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፤ ሁለት ትልልቅ ክብ ቁልፍ፣ ከኋላው የየራስህን ቁልፍ የምትሰካበት 19 ቀዳዳ። ከስቲም ኮንትሮለርም በላይ ያልተለመደ ዕቃ ነው። ነገር ግን «የእኔን ጆይስቲክ ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ የተቆጣ ጌመር አላስታውስም። ለማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ተነግሯል። ስቲም ኮንትሮለር ግን ለሁሉም ነው ተብሎ መጣ። ለሁሉም የተባለ ዕቃ እጅህን ሲያስቸግር ጥፋተኛው አንተ የሆንክ ይመስልሃል። ያኔ ሰው ይቆጣል። ዕቃው ለሶፋ ስትራቴጂ ተጫዋች፣ አንጓው ለሚያመው፣ ሁሉንም በልኩ ማድረግ ለሚወድ ቢባል ኖሮ ወንድሜ ያን ያህል የሚበሳጭ አይመስለኝም። እኔም ያን ያህል ለመከላከል አልነሳም ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን ወገን ጥፋትም መናገር አለብኝ። «አልተመቸኝም» ላለ ሰው ሁሉ «አልሞከርከውም» እንል ነበር። ሞክሯል። ሃያ ደቂቃም ሙከራ ነው። ደስ ለማይል ነገር ሰው የማታ ጊዜውን አንድ ወር እንዲሰጥ ማስገደድ አይቻልም። እኔ ወር የሰጠሁት አንጓዬ ስላመመኝ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ባያመኝ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ወደ ማውሴ እመለስ ነበር። እርግጠኛ ነኝ።

በኖቬምበር 2019 ቫልቭ የቀሩትን ስቲም ኮንትሮለሮች በ5 ዶላር አወጣቸው። አለቁ፣ ማምረቱም ቆመ። ሁለት አዘዝኩ፤ ፕላስቲካቸው ሳይቀደድ ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ። በዚያ ሳምንት አምስት ዶላር የሚለውን ቁጥር ይዘው «አላልናችሁም?» ያሉ ነበሩ። ከፋኝ። በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ ከኋላ ያሉት ቁልፎች የሌላ ድርጅት የፈጠራ መብት ጥሰዋል ተብሎ እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ቫልቭ 4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ነገሩ አለቀለት አልኩ።

አላለቀም። በእጅ የሚያዘው የቫልቭ ጌም ማጫወቻ፣ ስቲም ዴክ፣ በፌብሩዋሪ 2022 ሲወጣ ሁለቱ ፓዶች አሉበት። አነስ ብለው፣ አራት ማዕዘን ሆነው፣ ከአናሎጎቹ ሥር። አዎ፣ ከአናሎጎቹ ሥር። ሁለት አናሎግ አለው፣ ትክክለኛ የአቅጣጫ ቁልፍ አለው፣ አራቱ ቁልፎች ከለመዱበት ቦታ ናቸው። ጋይሮም አለ፣ ከኋላም አራት ቁልፍ። ፓዱን የማይፈልግ አይነካውም። የሚፈልግ አጠገቡ ያገኘዋል። አሮጌው አልተነሳም፣ አዲሱ ጎኑ ተቀመጠ። ዴክን ስይዝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው።

በኖቬምበር 12 ቀን 2025 ደግሞ ቫልቭ አዲስ ስቲም ኮንትሮለር አስታወቀ። ዴክን ለሁለት ከፍለህ ስክሪኑን ብታወጣ የሚቀረው እሱ ነው። ሙሉ አናሎጎች፣ ከሥራቸው ሁለት ፓድ። ፎቶው እንደወጣ ያ የድሮ ክርክር ተነሳ። ግዙፍ ነው፣ አስቀያሚ ነው፣ ፓዱ እዚያ ታች ምን ይሠራል የሚሉ አሉ። አሥር ዓመት ጠበቅን የሚሉም አሉ። እኔ ካነበብኩት ከሁሉ ልቤን የነካው በ2015 ገዝተው በሳምንቱ መልሰው፣ አሁን ደግሞ «በዴክ ለመድኩት፣ ይኼን እገዛለሁ» የሚሉት ናቸው። ፎቶ አይተው አይደለም የሚናገሩት። እጃቸው ነው የተናገረው፤ ጊዜ ወስዶ።

ዜናውን ያየሁ ቅዳሜ ወንድሜ ቤት ነበርኩ። ወንድሜ አሁን ሁለት ልጅ አለው፤ ማታ የሚጫወተው እነሱ ሲተኙ ነው። ስልኬን አሳየሁት። አየና «አሁንም ያን ነገር?» አለ። ተነስቼ ከቦርሳዬ የድሮውን አወጣሁ። ለካ እጄ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩ ለስልሷል፤ ቀኙ ፓድ መሐል ላይ አብረቅርቋል። ድንጋይ ቀየርኩለትና ሰጠሁት።

ሃያ ደቂቃ ተጫወተ። እንደ ድሮው ሰማይ አላየም፤ መጥረጉን አልረሳውም። ጠላት ሲመጣ ግን አውራ ጣቱ የሌለውን አናሎግ ፍለጋ ወደ ጥግ ሸሸ። ሁለት ጊዜ ሞተ። በሦስተኛው ጋይሮውን እንዴት እንደምጠቀም በእጄ አሳየሁት፣ ትንሽ አዘንብል፣ እንደዚህ። አዘነበለ። ቀስቷ ሄዳ ጠላቱ ግንባር ላይ ቆመች። ወንድሜ ዝም አለ። ደግሞ አዘነበለ።

ከዚያ መለሰልኝ። «ፓዱ አሁንም አልሆነልኝም» አለ። የራሱን የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ከቴሌቪዥኑ ሥር አነሳ፤ በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘውን። ገለበጥ ገለበጥ አድርጎ አየው።

«ያቺ ማዘንበሏ ነገር» አለ፣ «በዚህኛው ማብራት ይቻላል?»

ይቻላል። ፕሌይስቴሽንም ከድሮ ጀምሮ ሴንሰሩ አለው። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የስቲም ሴቲንግ እሱንም ይቀበላል። ጎኑ ተቀመጥኩና ሴቲንጉን ከፈትኩለት። የግራውን ቃታ ሲስብ ብቻ እንዲበራ አደረግኩት። ልጆቹ እንዳይነሱ ድምፁን ቀንሰን ነበር የምናወራው።

«ትንሽ ፈጠነ» አለኝ።

ቀነስኩለት።